እስረኞቹ ዓሦችና የአጎቴ ሐይቅ



በዚህ ሳምንት ስለ ምርጫም፣ ስለ ሕገ መንግሥትም፣ ስለ ኑሮ ውድነትም አልጽፍም። የምጽፈው በሳሎኔ ጥግ በ200 ሊትር ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ ሁለት ዓሦች ነው። የአገራችን አንባቢ በሰምና ወርቅ ያደገ በመሆኑ፣ ገና ርዕሱን እንዳየ ወርቁን መቆፈር የሚጀምር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንዱ ዓሣ ማን እንደ ሆነ፣ መስታወቱስ የትኛውን ድንበር እንደሚወክል የሚጠይቀኝ ወዳጅ ከወዲሁ ይታየኛል። ድካሙን ላቅልልለት፤ ዓሣው ዓሣ ነው፣ መስታወቱም መስታወት ነው።

ስማቸው ለሐሜት የተመቸ መሆኑን ግን አልክድም። ፈረንጆች የሚጠሯቸው «እስረኛ» ብለው ነው፤ በጎናቸው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት ጥቁር መስመሮች በቀድሞ ዘመን የወኅኒ ቤት ልብስ ላይ የነበረውን ዥንጉርጉር ስለሚያስታውሱ። አገራቸው መካከለኛው አሜሪካ ነው። በሳይንሱ አማቲትላኒያ ኒግሮፋሽያታ ይባላሉ። የሚመደቡበት ቤተሰብ ደግሞ ሲክሊድ የሚባለው ሲሆን፣ እስካሁን ከ1,700 በላይ ዝርያዎቹ ተመዝግበዋል።

ሲክሊድ የሚለው ቃል ባዕድ ይምሰል እንጂ ዘመዶቻቸውን በሚገባ እናውቃቸዋለን፤ በልተናቸዋልም። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከጣና የሚወጣው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። በጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም እያልን ስንከራከር፣ በሳህኑ ላይ ተጠብሶ የሚያዳምጠን ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ በመጣ ቁጥር ወደ አፏ እየተመለሱ ይሸሸጋሉ፤ እርሷም በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። የእኔዎቹ ሥርዓታቸው ሌላ ነው። እንቁላላቸውን በድንጋይ ላይ አጣብቀው፣ ባልና ሚስት ሆነው፣ ተፈራርቀው ይጠብቃሉ።

ነገሩን የጀመረችው የ12 ዓመት ልጄ ናት። የፈለገችው ውሻ ነበር። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሻ እንደማይሆን ብዙ ከተነጋገርን በኋላ በዓሣ ታረቅን። እኔም እንደ ልማዴ ከዓሣው በፊት መጻሕፍቱን ሰበሰብሁ፤ የሙያ መስኬ የፖለቲካ ሳይንስ ቢሆንም፣ አንድ ሰው የጥናት ዘዴ ከተማረ ስለ ዓሣም ማንበብ አያቅተውም።

እንደ እውነቱ ከሆነ አዲስ አበባ ለሞቃት አገር ዓሣ የተመቸች ከተማ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠናል። እስረኞቹ የሚወዱት ሙቀት 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን፣ በክረምት ሌሊት የሳሎናችን አየር ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ማሞቂያ የግድ ነው። ከብርዱ ይልቅ ሰዎች የማያስቡት ደግሞ የአየሩ ነገር ነው። በእኛ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ወለል 8 ሚሊግራም ያህል የሚይዝ ከሆነ፣ እዚህ ወደ 6 ይወርዳል። በፈረንጅ መጻሕፍት ላይ «ለዚህ ያህል ውሃ ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ መቅዳት ስለዚህ አያዋጣም። መቼም መመሪያ ከውጭ እንዳለ የመቅዳት ልማዳችን በዓሣ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ግን ቃል ገብቻለሁና ልለፈው።

ውሃው ራሱስ? ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው አንድ አይደለም፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል። እስረኞቹ ሁለቱንም ይችላሉ። የማይችሉት ክሎሪኑን ነው። ውሃ ከቧንቧ ተቀድቶ በቀጥታ አይጨመርም፤ ክሎሪኑ እስኪተን በባልዲ ማደር አለበት። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ በመሆኑና ሁላችንም በሮቶ ስለምናጠራቅም፣ እኛ ቤት የሚደርሰው ውሃ ከወዲሁ ያደረ ነው። ፈረቃ ያተረፈልን በረከት ቢኖር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ የትዕግሥቱ ወራት መጣ። ዓሣ ከስንጥቡና ከኩሱ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። መርዙን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪራቡ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ለአምስት ሳምንታት ያህል ባዶ ውሃ ውስጥ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እየበተንን፣ ለማይታይ ፍጥረት ገበታ አቀረብን። ጎረቤቶቻችን ስለ ጤንነታችን መወያየት ጀምረው ነበር።

ባልና ሚስት ከገበያ አይገዛም። ነጋዴው «ጥንድ ናቸው» ብሎ የሚሸጣቸው ሁለት ዓሦች በማግስቱ ሊገዳደሉ ይችላሉ። የተሻለው መንገድ ገና ያልደረሱ ስድስት ሰባት ዓሦችን አንድ ላይ አሳድጎ ራሳቸው እስኪመራረጡ መጠበቅ ነው። እኛም ስድስት ገዛን። ከወራት በኋላ ሁለቱ ተለይተው፣ ልጄ ከገንዳው ግርጌ በጎኑ ያስተኛችውን የተሰበረ ጀበና ያዙ። አንገቱ የተሰበረ፣ ሆዱ ግን ደህና የነበረ፣ ቡናው እስኪለቅ ደጋግመን የቀቀልነው ጀበና ነው። የቀሩት አራቱ ከውሃው ወለል አጠገብ ባለ አንድ ጥግ ተጨናንቀው ቀሩ። ያን ዕለት አውጥተን ለነጋዴው መለስንለት።

በእንስሳት ዓለም የሚያጌጠው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው። በእስረኞቹ ዘንድ ግን በሆዷ ላይ ወርቅማ ብርቱካን ቀለም የምታወጣው ሴቷ ናት፤ እርሱ ግዙፍ፣ ግራጫና ጥቁር ብቻ ነው። አፍ ለአፍ ተነካክሰው ይጓተታሉ፣ ጎን ለጎን ቆመው በጅራታቸው ውሃ ይገፋፋሉ። የማያውቅ ሰው ጠብ ይመስለዋል። መጻሕፍቱ እንደሚሉት እየተመዛዘኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴቷ በጀበናው ጣሪያ ላይ፣ ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ፣ እንቁላል በተርታ መደርደር ጀመረች። እርሱ ከኋላዋ እየተከተለ ያዳብር ነበር። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። በባትሪ አብርተን ለመቁጠር ሞክረን 120 ገደማ ስንደርስ ተምታታብን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርሷ ከጀበናው አልወጣችም። ቀንም ሌሊትም በክንፎቿ እያራገበች በእንቁላሎቹ ላይ ውሃ ታንቀሳቅሳለች፤ እርሱ በደጅ ይዘዋወራል። እጄን ለጽዳት ባስገባሁ ቁጥር መጥቶ ይነክሰኛል። ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ፍጡር፣ ከእርሱ በሺህ እጥፍ የሚከብደኝን እኔን ሊያባርር ሲወረወር፣ በእውነት እጄን ያወጣሁት ስላመመኝ ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ ልጄ «አባዬ፣ ልጇን በላች!» ብላ ጮኸች። ሳይዳብሩ የቀሩት እንቁላሎች ነጭ ሆነው ሻጋታ ይይዛቸዋል፤ ሻጋታው ወደ ደህናዎቹ እንዳይዛመት እናቲቱ አንድ በአንድ እየለቀመች ታወጣቸዋለች። ይህን ማስረዳት ቀላል ነበር። የልጄን ፊት መመለስ ግን አንድ ቀን ወሰደብኝ።

በሦስተኛው ቀን ተፈለፈሉ። የተፈለፈለው ነገር ገና ዓሣ አይባልም፤ አስኳል የተሸከመ የሚርገበገብ ክር ነው። ወላጆቹ እየጎረሱ በጠጠሩ ውስጥ ወደ ቆፈሯቸው ጉድጓዶች ያጓጉዟቸዋል፤ አንድ ቦታ ይተዋቸዋል፣ ደግሞ ያነሷቸዋል። ከአምስት ቀን ያህል በኋላ፣ አንድ ጠዋት ስንነቃ፣ ከጠጠሩ ላይ ትንሽ ደመና ተነሥቶ ነበር። ደመናው ይዋኛል። ሴቷ ከፊት፣ ወንዱ ከዳር ሆነው ያሰማሩታል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ አመጋገባቸው ነው። እናቲቱ ሆዷን ከጠጠሩ አስጠግታ ክንፎቿን በኃይል ታርገፈግፋለች፤ ከሥር የተቀመጠው ትቢያ ይነሣል፤ ጫጩቶቹ ይሯሯጡና ይለቅማሉ። የወደቀ ቅጠል ካገኘችም ገልብጣ ሥሩን ታሳያቸዋለች። እኛም በበኩላችን የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በነጠላ ቅዳጅ ጨምቀን፣ ከጠብታ ያልበለጠ እንሰጣለን፤ ከዚያ ካለፈ ውሃው ይበላሻል።

ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ የእነዚህን ዓሦች አፍሪካዊ ዘመድ አስመልክቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የተረከው ነገር አለ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የታወቀበትን ስም ያገኘው ንጉሥ ሰሎሞን ከእንስሳት ጋር ይነጋገርበት ነበር ከተባለው ቀለበት ነው፤ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። አመሻሽ ላይ አባትዬው የባዘኑ ልጆቹን በአፉ እየለቀመ ወደ እናታቸው ሲመልስ፣ ትል ጎርሶ እያኘከ ሳለ አንድ የጠፋ ጫጩት ያያል። ሮጦ ጫጩቱንም ይጎርሳል። አሁን በአንድ አፍ ውስጥ የሚዋጥና የማይዋጥ ተገናኙ። ዓሣው ለጥቂት ጊዜ ደርቆ ቆመ። ከዚያ ሁለቱንም ተፋቸው። ትሉን በላ፣ ዓይኑን ግን ከልጁ ላይ አላነሣም። በመጨረሻም ልጁን ጎርሶ ወደ ቤቱ ወሰደው። ሎሬንዝ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የናዚ ፓርቲ አባል ነበር። ለዓሣ ያን ያህል ዓይን የነበረው ሰው ለሰው ያን ያህል ዓይን አለመኖሩ ብዙ ጊዜ ያስገርመኛል።

የእኛው ቤት ትዳር እስከ መጨረሻው አልሠመረም። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ወንዱ ለሁለተኛ እንቁላል ተጣደፈ። ሴቷ ገና ደመናዋን ትጠብቃለች። ያባርራት፣ ጅራቷን ይቀድድ፣ ቅርፊቷን ይነቅል ጀመር። ልጄ «አሁኑኑ ይውጣ» አለች። እኔ ደግሞ ፈጽሞ ከተለያዩ ጥንድነታቸው ሊፈርስ፣ ሲመለስም ሊገድላት እንደሚችል አንብቤአለሁ። መፍትሔው ገንዳውን መሐል ለመሐል የሚከፍል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ሆነ። አንዱን ቀዳዳ ሴቷ የምታልፍበት፣ ወንዱ ግን ትከሻው የሚይዝበት አድርጌ አሰፋሁት። እርሷ ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ሲመራት ትመለሳለች። እርሱ ሁለት ቀን ፕላስቲኩን ሲነክስ ከርሞ ተወው። የእርሷም ጅራት በሁለት ሳምንት ሞላ። ስለ ሥልጣን ክፍፍል አንድ አንቀጽ ለመጻፍ እጄን እንደበላኝ አልሸሽግም።

መብራት የጠፋው ጫጩቶቹ የጥፍር ያህል ሳሉ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዶ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ብቻ ሳይሆን ማጣሪያውም ይቆማል፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችም አየር አጥተው መሞት ይጀምራሉ። ገንዳውን በሁለት ጋቢና በአንድ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በቡታጋዝ ውሃ እያፈላን፣ በሃይላንድ ጠርሙስ እየሞላን፣ በውሃው ላይ አንሳፈፍን። በየሩብ ሰዓቱ በኩባያ እየቀዳን ከከፍታ መልሰን እናፈስሳለን፤ ውሃ አየር የሚያገኘው ሲንቀሳቀስ ነውና። ልጄ እስከ ሰባት ሰዓት ነቅታ ረዳችኝ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣላት። በባትሪው ብርሃን ሲታይ ሁለቱም ወላጆች ከጀበናው አፍ ላይ ቆመዋል፤ ጫጩቶቹ በሙሉ በውስጥ ናቸው። ንጋት ላይ ሙቀቱ 21 ዲግሪ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ማጣሪያውን ወዲያው አላስነሣሁትም። የቆመውን ውሃ ደፍቼ፣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አለቅልቄ ነው የመለስሁት፤ አለዚያ ሌሊቱን የተጠራቀመው መርዝ በአንድ ጊዜ ይለቀቅባቸዋል። የሞቱት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

አባቴ የሞተው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ ለዶክትሬት ወደ ውጭ ስሄድም የአውሮፕላን ቲኬቴን የቆረጡልኝ አጎቴ ናቸው። ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንደኛው ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ እየሠሩ ነው። ባለፈው ወር ሊጠይቁን መጥተው ከገንዳው ፊት ለፊት ወንበር አስጠግተው ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ ከሁለት ዙር የተራቡ ወደ 200 የሚጠጉ ዓሦች ነበሩን። ብዙ ካዩ በኋላ፦

«ልጄ፣ እነዚህን ለእኔ ስጠኝ» አሉ። «ከሐይቁ እለቃቸዋለሁ። ከዳር ቆሞ ለሚያይ እንግዳ ምን ያህል ጌጥ ይሆኑ ነበር! መቶውን ብቻ በጀሪካን አድርግልኝ።»

«ጋሼ፣ ሌላ ያዘዙኝን ሁሉ አደርጋለሁ» አልኋቸው። «ይህን ግን አልችልም። ሐይቅ ውስጥ የገባ ዓሣ ተመልሶ አይወጣም።»

የቪክቶሪያን ሐይቅ ነገር አጫወትኋቸው። ያ ሐይቅ ከ15,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደገና የሞላ ሲሆን፣ በዚያ አጭር ዕድሜ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የሲክሊድ ዝርያዎች ተፈጥረውበታል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይል ፐርች የሚባለው፣ በእኛው በጫሞ ተወላጅ የሆነው ግዙፍ ዓሣ፣ ለዓሣ ሀብት ይበጃል ተብሎ ተለቀቀበት። በ1980ዎቹ ቁጥሩ ፈነዳ። በውሃው መበከልም ተባባሪነት፣ ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች ጠፍተዋል ተብሎ ይገመታል። የእኔዎቹ እስረኞችም ቢሆኑ ንጹሐን አይደሉም። በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ሰዎች በለቀቋቸው ሞቃት ምንጮች ውስጥ፣ ከዚያ በስተቀር የትም የማይኖሩ ጥቃቅን ዓሦችን ካመናመኑት መካከል ናቸው። የቢሾፍቱ ብርድ ይገድላቸው እንደ ሆነ በከንቱ አስገደልናቸው ማለት ነው። ካልገደላቸው ደግሞ፣ በየድንጋዩ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው ሰፍረው፣ በዳርቻው ያለውን የቆሮሶ ጫጩት ያሳድዳሉ። የእኔን እጅ የማይፈራ ዓሣ ማንን ይፈራል?

አጎቴ እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ «ቆሮሶውንስ ቢሆን ሰው አይደል ያመጣው?» አሉ። «ሐይቁ እሳት የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ዓሣ በእግሩ አልሄደበትም።»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እውነታቸውን ነው። በብዙ የአገራችን ሐይቆችና ግድቦች ውስጥ ያለውን ዓሣ ሰው ነው የወሰደው። እኔም እውነት መሆኑን ነገርኋቸው። ነገር ግን ዛሬ በዚያ ቆሮሶ የሚተዳደሩ አጥማጆች፣ ከዚያ የሚበሉ ልጆች አሉ፤ ሁለተኛው እንግዳ የሚቀመጠው በእነርሱ ገበታ ላይ ነው አልኋቸው።

«እኔ ሳስተምርህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የዓሣ ጠበቃ ትሆናለህ ብዬ አልነበረም።»

አቦሉንና ቶናውን ጠጥተው ነበር። በረካው ሳይቀርብ ተነሡ። ደረጃውን እስከ ታች ድረስ ሸኘኋቸው፤ ክንዳቸውን እንድይዝ ፈቀዱልኝ፣ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። እናቴ በማግስቱ ደውላ «ለዓሣ ብለህ ነው አጎትህን ያስከፋኸው?» አለችኝ። ከመቶ ዓሦች ጋር የሚመዘን ሰው አይደሉም። ይህንን ለእናቴ መናገር አላስፈለገኝም፤ ታውቀዋለችና። አጎቴ ጀሪካኑን ይዘው ቢሄዱ ኖሮ ግን፣ ያሳደጉትን ልጅ የተማረውን ነገር ንቆ ለእርሳቸው ያቀረበ ሰው አድርገውት ይሄዱ ነበር። እርሳቸው ያስተማሩኝ ለዚያ አልነበረም።

ከዓሦቹ 40ውን አንድ ነጋዴ ወሰደ። የተወሰኑትን የሥነ ሕይወት መምህር የሆነ ባልደረባዬ ለተማሪዎቹ የጠባይ ጥናት ተቀበለኝ። የቀሩት ገና ከእኛ ጋር ናቸው፤ እስረኛ ማራባት ቀላል ነው፣ ተረካቢ ማግኘት ግን ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት ጀበናውን አውጥተን ወንዱንና ሴቷን ለጊዜው ለየብቻ አድርገናል። ሴቷ አሁንም ጀበናው በነበረበት ስፍራ ጠጠሩን ትቆፍራለች።

ለአጎቴ ማረፊያ የእንግዳ መቀበያ ክፍል የሚሆን፣ የ300 ሊትር ገንዳ መስታወት አስቆርጫለሁ። ማጣሪያውን፣ ማሞቂያውን፣ መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰውን ባትሪም ገዝቻለሁ። ሃሳቤን በልጄ እጅ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ፤ ደብዳቤውን እንደ ተቀበሉ ሾፌራቸው ነግሮኛል። መስታወቱ ገና አልተጣበቀም፤ ምክንያቱም ወርዱን በሚያስቀምጡበት ጠረጴዛ ልክ ማድረግ አለብኝ፣ የጠረጴዛውን ልክ የሚነግሩኝ ደግሞ እርሳቸው ናቸው።